የአባቴ ላንድ ሮቨር ወደ ግራ አጋደለ፤ ባሌስትራ ላስጨምር ወይስ ልፍታው?

ባለ88 (ደብረ ብርሃን)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልን የ1968 (በፈረንጆቹ) ሞዴል ላንድ ሮቨር አለ፤ ሲሪዝ ሁለት ኤ፣ አጭሩ፣ ባለ 88 ኢንቹ፣ ቤንዚን። አባቴ ካረፈ ወዲህ አራት ዓመት ጓሮ ቆሞ ነበር። ዘንድሮ ሞተሩን አስነሳሁት፣ ፍሬኑንም አሠራሁ። አሁን የቀረኝ መኪናው ወደ ሹፌሩ በኩል ማጋደሉ ነው። ደልዳላ አስፋልት ላይ አቁሜ፣ ጎማዎቹን እኩል አስነፍቼ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለካሁ። ከፊት በግራ በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ 2 ሳንቲ ሜትር። ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ አይዋጥም፤ ምቱ እንዳለ ወገብ ላይ ይወጣል።

አንድ የሰፈር ባለ ጋራዥ ባሌስትራውን (መኪናውን የሚሸከሙትን ተደራርበው የታሰሩ ጎባጣ ብረቶች) አይቶ «በግራ በኩል አንድ አንድ ብረት እንጨምርለት፣ በግማሽ ቀን ያልቃል» አለኝ። ሌላው ፈትቶ በእሳት አግሎ ጉብጠቱን ሊመልስልኝ ተስማማ። ቀብድ ልሰጥ ስል ቆም አልኩ። አባቴ ይህን መኪና ሠላሳ ዓመት ነድቶታል፤ እኔም መሪ የያዝኩት በእሱ ነው። ከተነካ በደንብ እንዲነካ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ምከሩኝ።


መንገደኛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

አባትህን ነፍስ ይማር ወንድሜ። እኔ ብሆን አስጨምረዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ፤ ባሌስትራ ሲደክም ብረት ይጨመራል፣ ሥራ ይቀጥላል። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ያንን ይዤ ስንቴ ወርጃለሁ።


አሮጌ ጋራዥ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማርልን። መንገደኛ የተናገረው ለጭነት መኪና እውነት ነው፤ 50 ኩንታል የሚሸከም መኪና ላይ አንድ ብረት ቢጨመር ጭነቱ ያጎብጠዋል። ያንተ መኪና ግን አንተንና ምናልባት ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ብረት ከጨመርክበት ቁመቱ ይስተካከልልሃል፣ አካሄዱ ግን ከአሁኑም ይብስበታል።

ከጻፍከው ውስጥ ብዙ ነገር የነገረኝ «አይዋጥም» ያልከው ነው። የደከመ ባሌስትራ ዝቅ ይላል እንጂ አይደርቅም። ዝቅም ብሎ፣ ደርቆም ከሆነ በብረቶቹ መካከል ዝገት ገብቶ አጣብቋቸዋል ማለት ነው። ባሌስትራ የሚሠራው እያንዳንዱ ብረት በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ነው። ጎማው ከፍ ሲል ጉብጠቱ ይዘረጋል፣ የብረቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ጎማው ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ። መንሸራተቻ ሲያጡ ዘጠኙ ብረት አንድ ወፍራም ዱላ ሆነ ማለት ነው። አራት ዓመት ጓሮ፣ ያውም በደብረ ብርሃን ክረምትና ጤዛ፣ ይህን ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ ምንም ከማስጨመርህ በፊት ፍታው። ሲፈታ እነዚህን ልብ በል።

መኪናውን በክሪክ አንሳው እንጂ በክሪክ ብቻ አታቁመው። ሻንሲው ሥር ወፍራም እንጨት ወይም የብረት ማቆሚያ አስገባ። ዲፈረንሻሉን ደግሞ በሌላ ክሪክ ደግፈው፤ ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ያለው ብሎን) ሲለቅ ተንጠልጥሎ የፍሬን ቱቦ እንዳይጎትት።

ሻክሉን (ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ማንጠልጠያ ብረቶች ማለቴ ነው) ስትፈታ አትቸኩል። በላንድ ሮቨር አንደኛው ማንጠልጠያ ራሱ ጥርስ አለው፤ ብሎኑ በእሱ ውስጥ ተጠምዝዞ ነው የሚያልፈው፣ ዳዶው ከኋላ መቆለፊያ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዳዶውን ይፈታና ብሎኑን በመዶሻ ይመታል፤ ጥርሱም ይበላል። ዳዶው ከወጣ በኋላ ብሎኑን በቁልፍ አዙረህ ነው የምታወጣው።

የመሃሉን ብሎን፣ ብረቶቹን አንድ ላይ የያዘውን፣ እንዲሁ እንዳትፈታው። ጉብጠታቸው የተለያየ ስለሆነ በግድ ተጨቁነው ነው ያሉት፤ ብሎኑ ሲለቅ ይፈናጠራሉ። ሁለት ጠንካራ መያዣ አድርግበት፣ ወይም ትልቅ ሞርሳ ላይ አስረህ ብሎኑን አውጣና ሞርሳውን ቀስ በቀስ ልቀቅ። በወጣትነቴ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በዚህ ሁለት ጣቱን አጥቷል። እስከ ዛሬ ባሌስትራ በፈታሁ ቁጥር አስበዋለሁ።

ከመፍታትህ በፊት ደግሞ ባሌስትራዎቹ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፤ የግራ የፊት፣ የቀኝ የፊት፣ ፊቱ ወደየት እንደሆነ። ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ፤ ስትፈታ እንነጋገርበታለን።


ባለ88
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጀምሬ እፈታዋለሁ። ስለ እሳቱስ ምን ይላሉ? ሰውዬው ቀጥቃጭ አባት ያሳደገው ነው፣ እጁም ጥሩ ነው ይባላል።


የብረት መምህር (አዳማ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት ልግባ፤ የማስተምረው ይህንኑ ነው።

የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑ ለሰውዬው ክብር ነው። በአገራችን ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ጥሩ ቢላዋው ከአሮጌ ባሌስትራ ነው የሚሠራው፤ ቀጥቃጮቻችን ይህን ብረት ከማንም በላይ ያውቁታል። ነገር ግን ማረሻ የሚፈለገው ጫፉ እንዲጠነክርና እንዳይበላ ነው። ባሌስትራ ደግሞ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ተዘርግቶ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የሁለቱ የእሳት አያያዝ ለየቅል ነው።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባሌስትራ በብዛት የሚሠራበት ብረት ኢ.ኤን. 45 የሚባለው ነው፤ ግማሽ በመቶ ግድም ካርቦንና እስከ 2 በመቶ የሚደርስ ሲሊከን አለው። ፋብሪካው 900 ዲግሪ ገደማ ያግለዋል፣ በዘይት ይጠምቀዋል፤ በዚህ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ከዚያ ድጋሚ 500 ዲግሪ አካባቢ ያሞቀዋል፤ ያን ጊዜ ነው ተጣጣፊነቱን የሚያገኘው። ሁለቱም ሙቀት በምድጃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው የሚሰጠው። አንድ ሰው በከሰል ወይም በጋዝ መሃሉን ብቻ አቅልቶ ቢያጎብጠውና በአየር ቢያቀዘቅዘው ያ ቦታ ለስላሳ ይሆናል። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ቁመቱ ያማረ ነው። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ወደ ነበረበት ይወርዳል፤ በውኃ ካቀዘቀዘው ደግሞ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ይሰበራል።

ጉብጠት መመለስ የግድ ከሆነ በብርድ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ብረት ለብቻው ፕሬስ ሥር ይገባል፤ ከጫፍ ወደ መሃል በየሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ ይጫናል፣ በካርቶን ላይ ከተሣለ ቅርጽ ጋር እየተያየ። አድካሚ ነው፤ ብረቱ ግን ባሕርዩን አያጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ዝገቱን ለማስለቀቅ አሲድ ውስጥ አትዘፍዝፉት። ብዙ ሰው የባትሪ አሲድ ይጠቀማል። በዚህ መጠን የጠነከረ ብረት አሲድ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይሰርጋል፤ ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣና ከሥራ ላይ ሳለ ድንገት ይሰነጠቃል። ሽቦ ብሩሽ ወይም የአሸዋ ንፋስ ይበቃል።


ሜሪላንድ66
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። እኔ የ1966 ሙስታንግ አለኝ፤ የኋላው በባሌስትራ ነው። እዚህ ክረምት ሲገባ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበትኑ ከብረቶቹ መካከል ያወጣሁት ዝገት አንድ ሙሉ የቡና ቆርቆሮ ሞልቷል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ብረቶቹን እየፈለቀቀ ይገፋቸዋል፤ ከጎን ሲያዩት ባሌስትራው ያበጠ ይመስላል። ባለ88፣ ገና ሳትፈታ ከጎን ተመልከተው፤ በብረቶቹ መካከል ብርሃን የሚታይ ከሆነ ጋሼ ያሉት ልክ ነው።

እኔ ከጠረግኩ በኋላ ዚንክ ያለበት ቀለም ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ በብረቶቹ ጫፍ መካከል ስስ የፕላስቲክ ማንሸራተቻ አስገባሁ። ሦስት ዓመት ሆነው፣ ጭጭ ያለ ነው። ለላንድ ሮቨር ግን ፕላስቲኩን አልመክርም፤ ጭቃና ጠጠር ውስጥ ቶሎ የሚቦጨቅ ይመስለኛል።


ባለ88
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡30

ፈታሁት። ሁለቱን የፊቶቹን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ አመሻሽ 11 ሰዓት ፈጀብኝ፣ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ሰዓት የአንድ ሻክል ብሎን ነው። ጋሼ ያሉት ባይኖር ኖሮ ጥርሱን ጨርሼው ነበር። ዳዶውን አውጥቼ፣ ናፍታ እያንጠባጠብኩ ሩብ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ ሳደርገው በመጨረሻ ሲጮህ ተንቀሳቀሰ።

የግራው ዘጠኝ ብረት አለው። ከአራተኛው በታች ያሉት እንደ ተቃጠለ እንጀራ ተጣብቀው ነው የወጡት፤ በመሮ አላቀቅኳቸው። የላይኞቹ ሆድ ላይ የታችኞቹ ጫፍ የቆፈረው ጎድጓዳ ምልክት አለ፤ ጥፍሬ ይገባበታል። ከጠረግኳቸው በኋላ ነጭ ጋዝ ቀብቼ፣ በደንብ ወልውዬ፣ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩባቸው፤ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼው ነው። ትንሽ ስጠብቅ ሦስተኛው ብረት ላይ፣ ከመሃሉ የብሎን ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ዳር የሚሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር በነጩ ላይ ብቅ አለ። በዓይን ፈጽሞ አይታይም ነበር። መስመሩ ሲወጣ ሳይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፤ ይህን መኪና ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ቦታ ድረስ ነድቼዋለሁ።

የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ሁለቱን የፊት ባሌስትራዎች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የቀኙ ከግራው በ2 ሳንቲ ሜትር ግድም ይበልጥ ይጎብጣል። ቀኙ ዝገቱ ያነሰ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ተፈትተው ተጠርገው ሳይ ልዩነቱ ያው ነው።


አሮጌ ጋራዥ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡20

ምልክት አድርግ ያልኩህ ለዚህ ነበር።

የዚህ መኪና ባሌስትራ በሹፌሩና በተሳፋሪው በኩል አንድ ዓይነት አይደለም። ሹፌሩ ሁልጊዜ አለ፣ ተሳፋሪው አንዳንዴ ብቻ፤ ስለዚህ ፋብሪካው በሹፌሩ በኩል ጉብጠቱን ጨምሮ ነው የሠራው። ያንተ መሪ በግራ ነው፤ ጉብጠቱ የበዛው ግን በቀኝ ተገጥሟል። ትልቁ በተሳፋሪው በኩል ሆነና አንተን የተሸከመህ ትንሹ ነው።

እንዴት ተቀያየረ ብትለኝ የሚመስለኝን ልንገርህ። እኛ አገር እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ድረስ በግራ ነበር የሚነዳው፤ ከዚያ ነው ወደ ቀኝ የተዞረው። ከዚያ በፊት የገቡ ብዙ ላንድ ሮቨሮች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኔ ሥራ ስጀምር ገና በየመንገዱ ነበሩ፣ ሲያረጁም ዕቃቸው ለሌላው ይፈታ ነበር። አባትህ በአንድ ወቅት ያገለገለ ባሌስትራ ገዝቶ ከሆነ ከእንደዚህ ዓይነቱ ወጥቶ ይሆናል። የፈታው ሰው «የቀኝ» ብሎ ጽፎበታል፣ የገጠመውም በቀኝ ገጥሞታል። ማንም አላጠፋም።

አሁን አቀያይራቸው። የተሰነጠቀውን ብረት ደግሞ አስበይደህ እንዳትመልሰው። ባሌስትራ ላይ ብየዳ የሚባል ነገር የለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ሄደህ ከዚሁ ሞዴል የወጣ ፈልግ፤ ወርዱ 63 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፣ ውፍረቱን በካሊፐር ለካ።


የብረት መምህር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡50

ስለ ውፍረቱ ጋሼ ያሉትን ላጠንክረው። የባሌስትራ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ በኩብ ነው። 6 ሚሊ ሜትር የነበረ ብረት ዝገት በልቶት 5 ተኩል ቢሆን ከጥንካሬው 23 በመቶ ያህሉ ሄዷል። ለዓይን ግማሽ ሚሊ ምንም አይደለችም። ስለዚህ የተመረጠው ብረት በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአምስት ስድስት ቦታ ይለካ።

የተቆፈረውን ምልክት በሞረድ አለስልሰው፤ ሞረዱን በብረቱ ርዝመት ነው የምትስበው። በወርዱ ከሳብክ ጭረቱ ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። የላይኛውን ገጽ በተለይ ጠብቀው፤ ጎማው ከፍ ሲል የሚሳበው እሱ ነው፣ ስንጥቅም በብዛት ከዚያ ይነሳል። ስንጥቁ ከመሃል ቀዳዳ መነሳቱ ደግሞ ዩ ቦልቶቹ ላልተው እንደነበር ይነግረኛል። ሲጠብቁ መሃሉን ጨምድደው ስለሚይዙት ቀዳዳው ብዙም አይሸከምም፤ ሲላሉ ሙሉ ኃይሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ዩ ቦልቶቹን አዲስ አድርጋቸው፤ አንዴ የተሳበ ዩ ቦልት መልሶ በደንብ አይጨብጥም።


ሰይቼንቶ ወዳጅ (አዲስ አበባ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የባለ88ን ነገር ሳነብ የራሴን ፈራሁ። እኔ ያለኝ ፊያት 600 ነው፣ ድሮ ታክሲ የነበረ፤ በሰማያዊውና በነጩ ቀለም ሥር ሌላ ሦስት ቀለም አግኝቻለሁ። የእሱ ባሌስትራ አንድ ነው፣ ከፊት በአግድም የተዘረጋ። ጎማዎቹ ወደ አንድ ወገን እየተበሉብኝ ነው። የጋሼ ምክር ለዚህም ይሠራል?


አሮጌ ጋራዥ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡40 (ከቤተ ክርስቲያን መልስ)

ለሰይቼንቶ ይበልጥ ይሠራል። ላንድ ሮቨር ላይ ባሌስትራው ዲፈረንሻሉን ነው የሚሸከመው፤ አንድ መሃል ያለ ብረት ቢሰበር ዋናው ይዞህ ቤትህ ትገባለህ። ሰይቼንቶ ላይ ግን ያ በአግድም የተኛው ባሌስትራ የጎማው የታችኛው ክንድም ነው። ጎማውን ከታች የያዘለት ሌላ ነገር የለም። ዝቅ ሲል ጎማው ያዘነብላል፤ ያ ነው ጎማህን የሚበላው። ቢሰበር ደግሞ ጎማው ከመስመሩ ይወጣል። ሁለት ቦታ ላይ በጎማ ተሸካሚ ነው ከአካሉ ጋር የሚያያዘው፤ ስትፈታ እነዚያን በአዲስ ተካ፣ አሮጌዎቹ ደርቀው እንደ ቀንድ ሆነው ታገኛቸዋለህ። እስክትፈታው ድረስ ቀለበት መንገድ ላይ አትውጣበት ልጄ።


ባለ88
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ከሶማሌ ተራ ብረቱን አገኘሁ። ሦስት ሱቅ «ይሄም ይሆናል» ብሎ የአይሱዙ ሊሰጠኝ ነበር፤ አራተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ካሊፐሬን ሲያዩ ምንም ሳይሉ ወደ ጓዳ ገብተው ትክክለኛውን ይዘው ወጡ።

አሁን የጨነቀኝ ስለ ቅባትና ስለ ጎሚኒ (ባሌስትራው ጫፍ ውስጥ ስለሚገባው የጎማ ቀለበት) ነው። በመካከላቸው ግሪስ ልቀባ? አንዳንዱ አቧራ ይስባል ይላል። አሮጌውን የባሌስትራ ጎሚኒ ለማውጣት ደግሞ በእሳት አቃጥለው ተብያለሁ።


አሮጌ ጋራዥ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

ጎሚኒውን አታቃጥል። የምታግለው እኮ የዋናውን ብረት ዓይን፣ ብሎኑ የሚያልፍበትን የተጠቀለለ ጫፍ ነው፤ መምህሩ ከነገረህ በኋላ ይህን አታደርግም። የጎሚኒውን ጎማ በትሪቫኖ (በመብሻው) በስተህ አውጣው፤ የሚቀረውን የብረት ቀለበት በብረት መጋዝ በአንድ ቦታ ቁረጠው፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይወጣል። መጋዙ ዓይኑን እንዳይነካ ብቻ።

ቅባቱ ላይ፣ አዎ፣ ወፍራም ግሪስ ከጠጠርና ከአቧራ ጋር ሲቦካ ብረቱን ይሞርዳል። እኔ የማደርገው ግራፋይት ያለበትን ስስ አድርጌ መቀባት፣ ከገጠምኩ በኋላ ወደ ዳር የወጣውን በጨርቅ አጽድቶ መጥረግ ነው። ጎሚኒው ላይ ዘይት እንዳይነካ። ላቫጆ ሲያስገቡት ከሥሩ ናፍታና የተቃጠለ ዘይት ይነፉበታል፤ ባለ መኪናው ደስ ይለዋል፣ ጎሚኒው ግን አብጦ ይበሰብሳል። ላቫጆ ስትሄድ «ከሥር ውኃ ብቻ» በላቸው።

አሁን የምነግርህን ደግሞ እንዳትዘለው። የሻክሎቹንና የሌላኛውን ጫፍ ብሎን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቅ። በእጅህ ብቻ አስገባቸው። ጎማውን ግጠም፣ መኪናውን መሬት አስቀምጥ፣ ሰው ፓራፋንጎውን ይዞ ሦስት አራት ጊዜ ያወዛውዘው፣ ከዚያ ነው በቁልፍ የምታጠብቀው። የእነዚህ ጎሚኒዎች ጎማ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አይዞርም፣ ይጠመዘዛል እንጂ። በአየር ላይ ካጠበቅከው መኪናው ሲወርድ የጎሚኒው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በጥቂት ወር ውስጥም ይቀደዳል።


መንገደኛ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ፣ እኔም ተማርኩ። አይሱዙዬ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት በክሪክ እንደተነሳ ነበር የማጠብቀው። ጎሚኒ በየስድስት ወሩ የምቀይረው ለዚህ ኖሯል።


ባለ88
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ተገጥሞ አልቋል፤ አራቱም። የኋላዎቹም እንደዚሁ ተቀያይረው ነበር። ዩ ቦልቶቹን በአዲስ ተካሁ፣ በመስቀልኛ ተራ በተራ አጠበቅኳቸው፣ 500 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ እንደገና ስሞክራቸው ከስምንቱ ስድስቱ ተጨማሪ ዙር ተቀበሉ።

ለካሁት። እኔ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ወንድሜ ሲለካ የፊቱ ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው ምንም። አንድም ብረት አልጨመርኩም፣ እሳትም አልነካውም።

ትናንት እናቴን ይዤ ያንኑ የጠመንጃ ያዥ መንገድ ሄድኩ። ከከተማው መውጫ ላይ ያለችውን፣ ሁልጊዜ የምታዘልለንን ሰባራ ድልድይ ስንሻገር እናቴ ዳሽቦርዱን ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ መኪናው ዋጥ አድርጎት አለፈ። እጇ አየር ላይ ቀረና «አባትህ አዲስ ያመጣው ጊዜ እንዲህ ነበር» አለች።

ሰይቼንቶ ወዳጅ፣ ሞርሳና መያዣ ካስፈለገህ ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ይዤልህ እመጣለሁ። ጠመኔም አለኝ።


ሰይቼንቶ ወዳጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡25

ና ወንድሜ። ነጭ ጋዙን እኔ እገዛለሁ።